ስለ ኤም 1 ጋራንድ የሚወራውና ብረቱ የሚናገረው

ኤም 1 ጋራንድ የአሜሪካ ጦር በ1936 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቀበለው፣ ስምንት ጥይት የሚጎርስና ራሱን በራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ነው። በ1951 ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ታጥቆታል፤ ለኢትዮጵያ ከተሰጡት መካከል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሰው አሜሪካ ገበያ ላይ የወጡም አሉ። ዝናው የገነነ መሣሪያ ስለሆነ ወሬውም በዝቶበታል።

«ኤም 1ን የጽሕፈት መኪናና የሙዚቃ ሣጥን ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ሠርተውታል።» ስም ተምታቶ ነው። አይቢኤም፣ አንደርውድና ሮክ ኦላ የሠሩት ኤም 1 ካርባይንን ነው፤ 2.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ባለ 15 ጥይት ካዝና፣ አጭር ቀለህ የሚተኩስ ሌላ ጠመንጃ። ጋራንድ 4.3 ኪሎ ነው፤ ቀለሁም 63 ሚሊሜትር ስለሆነ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋራንድን የሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ማሳቹሴትስ የነበረው የመንግሥት ፋብሪካ ስፕሪንግፊልድ አርመሪ ከ3 ሚሊዮን በላይ፣ ኒው ሄቨን የነበረው ዊንቸስተር ደግሞ 513,000 ያህል። ትራክተር ሠሪው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ጋራንድ ሠርቷል፤ ግን በ1950ዎቹ።

«ዊንቸስተር ትልቅ ስም ነውና የእሱ ይሻላል።» የዊንቸስተርን ጋራንድ ብርሃን ላይ አዙሮ ላየ ሰው የመቁረጫ ማሽኑ ጭረት ብረቱ ላይ እንደቀረ ይታየዋል። የስፕሪንግፊልዱ ልስላሴ ይበልጣል፤ ጆን ጋራንድ ራሱ እዚያው ሆኖ ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን የሚያመርቱትን ማሽኖችም ነድፏል። በአተኳኮስ ግን ሁለቱም መለኪያውን ያለፉ ናቸው። ዊንቸስተሩ ዛሬ የሚወደደው ቁጥሩ ስላነሰ ነው።

«ንድፉ ጉድለት ነበረበት፤ ሰባተኛው ጥይት ይነክስ ነበር።» መንከሱ፣ ማለትም ተቀርቅሮ መቅረቱ፣ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የንድፉ አልነበረም። ሪሲቨር በሚባለው፣ መቀርቀሪያው በሚመላለስበት ዋና ብረት ውስጥ ጥይቱን ደግፎ ወደ በርሜሉ የሚመራ ጠርዝ አለ። ናሙናዎቹ በእጅ ሲሠሩ ጠርዙ ሙሉ ነበር። ሥራው ወደ ፋብሪካ ማሽን ሲዛወር ግን መቁረጫው ሌላ ቦታ ሊልግ ሲያልፍ የጠርዙን ጫፍ ቆርጦት ይሄድ ነበር። ሰባተኛው ጥይት ተራው ሲደርስ በዚያ በኩል የሚደግፈው ስለሚያጣ አቅጣጫውን ይስትና ይነክሳል። መፍትሔው የፋብሪካ መፍትሔ ሆነ፦ ለአዲሶቹ የመቁረጫው መንገድ ተስተካከለ፤ በተሠሩት ላይ ደግሞ የጎደለው በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ተላገ። እውነተኛው የንድፍ ለውጥ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ 50,000 ያህል ጋራንዶች መቀርቀሪያውን የሚገፋውን የባሩድ ጋዝ የሚቀበሉት ከአፈሙዙ ፊት በተገጠመ ክፍል ነበር፤ ክፍሉ ጥላሸት ይይዛል፣ ይላላል፣ አብሮት ያለው የፊት ማነጣጠሪያም ይናጋል። ከ1940 ወዲህ አፈሙዙ አጠገብ በርሜሉን በመብሳት ተተካ። የድሮዎቹም አብዛኞቹ ወደ አዲሱ ተለወጡ፤ ሳይነካ የቀረ ካጋጠመ መጀመሪያ መጠርጠር ነው።

«ባዶው ክሊፕ ‹ፒንግ› ብሎ ሲወጣ ጠላት ሰምቶ ይነሣል።» ክሊፑ፣ ስምንቱን ጥይት አንድ ላይ ይዞ የሚገባው ብረት፣ ከመጨረሻው ቀለህ ጋር ተፈናጥሮ ሲወጣ ይጮኻል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ጠመንጃ በሚያጓራበት፣ ጆሮ በደነቆረበት ቦታ ከሃምሳ ሜትር ማን ይለየዋል? ተኳሹም ብቻውን አይደለም፤ ጓዶቹ ጎንና ጎኑ እየተኮሱ ነው፤ አዲስ ክሊፕ ማጉረስም የሰከንዶች ሥራ ነው።

«የገባ ክሊፕ ሳያልቅ አይወጣም።» ይወጣል። የመቀርቀሪያውን እጀታ ወደ ኋላ ስቦ ይዞ፣ ከሪሲቨሩ በስተግራ ያለችውን መልቀቂያ መጫን ነው፤ ክሊፑ ከቀሩት ጥይቶች ጋር ብድግ ይላል። የሚያስቸግረው እዚያው እንዳለ የጎደለውን መሙላቱ ነው።

መቀርቀሪያው አውራ ጣትን መቀርጠፉ ደግሞ ብዙዎች እንደሚሉት የማጉረስ ብቻ አደጋ አይደለም። ባዶ ጠመንጃ ሲዘጋ ይብሳል፤ የጥይት መግፊያው ወደ ታች ሲጫን መቀርቀሪያው ይለቀቅና ይወረወራል። ስለዚህ የቀኝ መዳፍ ጠርዝ እጀታውን አጥብቆ ይይዛል፣ አውራ ጣት መግፊያውን ይጫናል፤ መቀርቀሪያው ትንሽ ወደ ፊት እንዲመጣ ከተደረገ በኋላ ጣት ይወጣል፣ እጀታው ይለቀቃል። ቅደም ተከተሉን ያዛባ በጥፍሩ ይከፍላል።

«መለያ ቁጥሩ የጠመንጃውን ዕድሜ ይናገራል።» የሪሲቨሩን ብቻ። ሌላው ክፍል መለያ ቁጥር የለውም፤ ሁሉም ከሁሉም ስለሚገጥም በጥገና መጋዘን ተፈትቶ፣ ክምር ውስጥ ገብቶ፣ በደረሰው ተገጣጥሟል። እጀታውን ወደ ኋላ ስቦ የበርሜሉን ቀኝ ጎን ማየት ነው፤ ‹3 44› ካለ በርሜሉ የመጋቢት 1944 ነው። የዊንቸስተር የጦርነት ጊዜ በርሜል ግን ዘመን አልተጻፈበትም።

«የውስጡ ልክ ከገጠመ ማንኛውም ጥይት ይሆናል።» ለከባድ አደን የተሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ያለው ጥይት ጋዙ መቀበያው ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ግፊቱ ገና ከፍተኛ ነው፤ መቀርቀሪያውን የሚገፋውን ረጅሙን ዘንግ ያጎብጠዋል። የጦርነቱ ዘመን ጥይት በበኩሉ ሌላ ጣጣ አለው፤ ማቀጣጠያው በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨውን ደግሞ ዘይት አያሟሟውም። መጀመሪያ ሙቅ ውኃ፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ ዘይት መጨረሻ ላይ። ጋዙን የሚቀበለው ሲሊንደር ከማይዝግ ብረት ስለተሠራ ይችለዋል፤ በርሜሉ ግን ተራ ብረት ነው፣ እርጥበት ካለ ለነገ የሚባል አይደለም።