የተቆለፈ ፋይል መሰረዝና የኮምፒውተር እንክብካቤ በድሬዳዋ

በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ኮምፒውተር የብዙ ደንበኛ ፍላሽ ይፈራረቅበታል። ሥራው አልቆ ፋይሉ ይጥፋ ሲባል ዊንዶውስ «በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል» ብሎ እምቢ ይላል። ይህን ለመፍታት የተሠሩት አነስተኛ ፕሮግራሞች በተለምዶ አንሎከር ይባላሉ።

ፋይሉ የተቆለፈው ተበላሽቶ አይደለም። ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት ዊንዶውስ ሃንድል የሚባል መያዣ ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ ሌላው እንዲሰርዝ ካልፈቀደ፣ መያዣው እስኪለቀቅ ፋይሉ አይሰረዝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማን እንደያዘው ማወቅ ነው። ብዙውን ጊዜ መስኮቱ ተዘግቶ ከጀርባ የቀረ ወርድ፣ ቪዲዮ ማጫወቻ ወይም ፍተሻ ላይ ያለ አንቲቫይረስ ሆኖ ይገኛል።

ለፍለጋው ምንም ማውረድ አያስፈልግም። በስታርት ሜኑ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ሪሶርስ ሞኒተር ከፍቶ፣ ሲፒዩ በሚለው ገጽ አሶሼትድ ሃንድልስ ሥር የፋይሉን ስም መጻፍ በቂ ነው፤ የያዘው ፕሮግራም ይዘረዘራል። ማውረድ ለሚፈልግ፣ ፓወርቶይስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ የመሣሪያዎች ጥቅል ውስጥ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ፋይል ሎክስሚዝ ደግሞ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ ተደርጎ ያንኑ ያሳያል። ፕሮግራሙን በወጉ መዝጋት ይቀድማል፤ ካልሆነ በታስክ ማናጀር ኢንድ ታስክ ብሎ በግድ ማስቆም፣ ያልተቀመጠ ሥራ እንደሚጠፋ አውቆ።

ሃንድሉን ብቻ በግድ መዝጋት ግን አደገኛ ነው። ፕሮግራሙ መያዣው እንደተነጠቀ አያውቅም። ያው የሃንድል ቁጥር ለሌላ ፋይል ከተሰጠ ለመጀመሪያው የታሰበው ጽሑፍ እዚያ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ከዚህ ይልቅ ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ሲነሳ እንዲሰረዝ ማዘዝ ይሻላል፤ ትእዛዙ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ተመዝግቦ ሌሎች ፕሮግራሞች ሳይነሱ ይፈጸማል። በነፃ የሚወርዱ አንሎከሮች ውስጥ የማስታወቂያ ፕሮግራም አብሮ የታሸገባቸው ስላሉ፣ ሲጫኑ ምልክት የተደረገበትን እያንዳንዱን ሳጥን ማየት ግድ ነው።

እምቢታ ሁሉ መቆለፍ አይደለም። የፋይሉ ሙሉ አድራሻ (ከድራይቩ እስከ ፋይሉ ስም ያለው) ከ260 ፊደል በላይ ከሆነ የላይኛውን ፎልደር ስም ማሳጠር ይፈታዋል። መብራት ሲጠፋ ወይም ፍላሽ ሳይዘጋ ሲነቀል የፋይል ሥርዓቱ ይዛባል፤ ያኔ ድራይቩ ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ ይባላል። የኤስዲ ካርድ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ መቆለፊያም መረሳት የለባትም።

ጠፍቶ ተመልሶ የሚመጣ ሾርትከት ከሆነ ነገሩ ቫይረስ ነው። በታስክ ማናጀር የሚታየውን ስክሪፕት ሆስት (የቫይረሱን ትእዛዝ የሚያስኬደውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ካላቆሙት ደጋግሞ ይፈጥረዋል። የደንበኛው ዋና ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እዚያው ስላሉ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ጥፋት ነው።

ለድሬዳዋ ከሶፍትዌሩ እኩል የሚያሳስበው ሙቀትና አቧራ ነው። የሲፒዩውን (የኮምፒውተሩን ዋና ማስሊያ) ሙቀት የሚያወጣው ብረት፣ ሂት ሲንኩ፣ በአቧራ ሲደፈን ሲፒዩው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ቫይረስ ይመስለውና ማጽጃ ፕሮግራም ይጭናል። መፍትሔው ከመብራት ነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ በብሎወር መንፋት፣ በሲፒዩና በሂት ሲንኩ መካከል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ተርማል ፔስት) መቀየርም ነው። የሬጅስትሪ ማጽጃዎች የሚሰጡት ፍጥነት ይህ ነው የሚባል አይደለም፤ ቦታ ለማስለቀቅ የዊንዶውሱ ዲስክ ክሊንአፕ ይበቃል። የተበታተነ ፋይል የሚሰበስበው ዲፍራግ ለድሮው ሃርድ ዲስክ እንጂ የሚሽከረከር አካል ለሌለው ለኤስኤስዲ አይደለም።