ሥርዓተ ፀሐይ በሥዕሉ ልክ አይደለም

ስለ ሥርዓተ ፀሐይ ብዙውን ስህተት ያስተማረን አንድ ሥዕል ነው፤ ፀሐይ ጥግ ላይ፣ ስምንቱ ፕላኔቶች ከጎኗ እንደ ዶቃ ተደርድረው። ሠዓሊው አይወቀስም፤ ያልበቃው ወረቀቱ ነው። መሬትን የ1 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ብናደርጋት፣ ጨረቃ 30 ሳንቲ ሜትር ርቃ ትቀመጣለች። ፀሐይ ከ1 ሜትር በላይ ስፋት ያላት ኳስ ሆና ወደ 120 ሜትር ትርቃለች። ኔፕቱን ደግሞ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ ነው።

«የአስትሮይድ ቀበቶ በድንጋይ የታጨቀ ነው»

በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው ይህ ቀበቶ በፊልም ላይ መንኩራኩር እየተሹለከለከ የሚያመልጥበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተነሣችው ፓየኒር 10 ግን አቋርጣው ስታልፍ ምንም አልሆነችም። በውስጡ ያለው ድንጋይ ሁሉ ቢጠራቀም የጨረቃን ክብደት 3 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከሲሦ በላዩን የቀበቶው ትልቋ አካል ሴሬስ ብቻዋን ይዛዋለች። እንዲያውም ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ጋሊሊዮ የተባለችው መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በ1991 ጋስፕራ የተባለውን አስትሮይድ በቅርብ እንድታይ መንገዷ ሆን ተብሎ ወደዚያው መቃናት ነበረበት።

«ለፀሐይ የቀረበ ሁሉ ይበልጥ ይሞቃል»

ሜርኩሪ ቀን ላይ 430 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ሙቀቱን የሚይዝለት ከባቢ አየር ስለሌለው ግን ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ይወርዳል። ፀሐይ በማይነካቸው የዋልታ ጉድጓዶቹ ውስጥማ በረዶ አለ። ቬነስ ከእሱ ይልቅ ከፀሐይ ብትርቅም፣ ጥቅጥቅ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከናንባ ቀን ከሌት 465 ዲግሪ አካባቢ ናት። የሶቪየቷ ቬኔራ 13 እ.ኤ.አ. በ1982 እዚያ አርፋ የሠራችው 127 ደቂቃ ነው። ለዚያ እቶን፣ በእኔ እይታ፣ ትልቅ ጀብዱ ነው።

«የጨረቃ ጀርባ ጨለማ ነው»

አይደለም። እኛ አናየውም እንጂ እንደ ፊቷ ሁሉ ፀሐይ ይወጣበታል። የቻይናዋ ቻንግኧ 6 እ.ኤ.አ. በ2024 ከዚያው አፈር ይዛ ተመልሳለች።

«ቮየጀር 1 ከሥርዓተ ፀሐይ ወጥታለች»

ይህኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ለማረም የሚያስቸግረው። መንኩራኩሯ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 የፀሐይ ንፋስ (ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈስ የቅንጣቶች ጅረት) የሚያበቃበትን ድንበር አልፋለች። ይህ የታወቀበት መንገድ ደስ ይላል። የፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ) መለኪያዋ በ1980 ተበላሽቶ ስለነበር ማለፏን በቀጥታ ማረጋገጥ አልተቻለም። በመጋቢት 2012 ከፀሐይ የፈነዳ ማዕበል ከዓመት በላይ ተጉዞ በ2013 ደረሰባትና በዙሪያዋ ያለውን ፕላዝማ አንቀጠቀጠው። አንቴናዋ ንዝረቱን ሰማ፤ ከንዝረቱ ድግግሞሽ ተመራማሪዎቹ ጥግግቱን አሰሉ። ከድንበሩ ወዲህ ካለው 40 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ በከዋክብት መካከል እንደሚጠበቀው ማለት ነው።

የፀሐይ ስበት ግን በዚያ አያበቃም። ኮሜቶች የሚመጡበት የኦርት ደመና ገና ከቮየጀር ፊት ነው፦ ወዲህ ያለው ጫፉ ላይ ለመድረስ 300 ዓመት ያህል፣ ለማቋረጥ ደግሞ 30,000 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል ተብሎ ይገመታል። የኤሌክትሪክ ኃይሏ እስከዚያ አይቆይም፤ በየዓመቱ 4 ዋት ያህል እየቀነሰ ስለሆነ መሣሪያዎቿ ከወዲሁ ተራ በተራ እየተዘጉ ነው።