«አንድ በተን ተጭነህ ነው እኮ»፦ ስለ ሌዘር ማህተም የምሰማቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ማህተም ለሚቀርጽ ሰው ይቺ ንግግር እንደ ሰላምታ ናት። ሰውየው ይገባል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ስነግረው «ኧረ ወላሂ ተወደደ፣ አንድ በተን ተጭነህ ማሽኑ ነው እኮ የሚሰራው» ይለኛል። መከራከር ስለሰለቸኝ እስቲ አንዴ ልጻፈው።

በተኑ አለ፣ አልዋሽም። ግን ብዙ ሰው ሌዘሩ ፊደሉን የሚቆፍር ይመስለዋል፣ እንጨት ላይ ስም እንደሚጻፈው። ማህተም ላይ ተቃራኒው ነው፣ ሌዘሩ ፊደሉን አይነካውም፣ በዙሪያው ያለውን ጎማ እያቃጠለ ያነሳና ፊደሉ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ፋይሉ ላይ ጥቁርና ነጩ መቀያየር አለበት፣ ደግሞ ጽሁፉ መስታወት ውስጥ እንደሚታየው መገልበጥ አለበት። ሰው ካላዘዘው ማሽኑ ይሄን ከራሱ አያውቅም። እኔ መጀመሪያ አካባቢ መገልበጡን ረስቼ ሃያ ምናምን ደቂቃ ጠብቄ ወረቀት ላይ ስመታው «ደሴ» ከቀኝ ወደ ግራ ሄዳ፣ የ«ሴ» ቀለበት በግራ በኩል ተንጠልጥላ ቁጭ አለች። ጎማው ወደ ቆሻሻ፣ እኔ ወደ ኮምፒውተሩ።

«ጎማ ጎማ ነው፣ ከመነዳሪ ላምጣልህ?» የሚለኝም አለ። አንዱ ከኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከመነዳሪ በፌስታል ይዞ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ መጣ፣ በጣም አዘንኩለት። የመኪና ጎማ ውስጥ ብዙ ጥቀርሻና ድኝ አለበት፣ ሌዘር ሲነካው ጠርዙ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል፣ ሌንሱን ያጨቀያል፣ ሽታው ደግሞ ሰፈር ያስለቅቃል። ለዚህ ስራ ተብሎ የሚመጣ የሌዘር ጎማ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤፎር ሉህ፣ ውፍረቱ 2.3 ሚሊሜትር፣ ሲቃጠል ዱቄት ሆኖ ይነሳል እንጂ አይቀልጥም። ከከመነዳሪ የባሰው ግን ጎማ የሚመስለው ፒቪሲ ነው። ውስጡ ክሎሪን አለበት፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፣ ሳንባም ያቃጥላል የማሽኑንም ሃዲድ ያዝገዋል። የማላውቀው ነገር ሲመጣልኝ ደጅ ወጥቼ የመዳብ ሽቦ በእሳት አግላለሁ፣ እቃውን በሽቦው ነክቼ መልሼ እሳቱ ውስጥ ሳስገባው ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት ማለት ነው፣ ማሽኔ ውስጥ አይገባም።

«ጥልቅ አድርገህ ቅረጸው፣ እንዳይጠፋ።» ይሄ ለወርቅ ቤት ይሰራ ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ከወረደ በቂ ነው፣ ከዛ በላይ ሲሆን ቀጫጭኑ መስመር እንደ ሳር ይተኛል፣ ስትመታው ፊደሉ ጎንበስ ይላል። ለዚህ ነው ሶፍትዌሩ ላይ ለፊደሉ ከታች ሰፋ ያለ እግር እንዲተውለት የምናዘው፣ ልክ እንደ ጦሳ ተራራ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ። ጥልቀቱ በጣም ካነሰ ደግሞ ባዶው ቦታም ቀለም ይይዝና ወረቀቱን ያቆሽሻል። የሌዘሩን ጉልበት (ዋት) መጨመርም መፍትሄ አይደለም፣ ጠርዙን ነው የሚያሳርረው፣ እኔ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ በተለያየ ፍጥነት ሞክሬ ነው ወደ ዋናው የምሄደው።

የአማርኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ደንበኛው በ40 ሚሊሜትር ክብ ውስጥ የድርጅቱን ሙሉ ስም፣ እንግሊዝኛውን፣ ስልኩን፣ ሎጎውን፣ ከተቻለ ደግሞ አድራሻውን ይፈልጋል። የ«ለ» እና የ«ሉ» ልዩነት አንዲት ጭረት ናት፣ ፊደሉ ሁለት ሚሊሜትር ሲሆን ያቺ ጭረት ከሌዘሩ ነጥብ ብዙም አትበልጥም፣ ነጥቡ ደግሞ ጠርዙን ትንሽ ይበላል፣ በቃ «ሉ» ያልከው «ለ» ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ወይ ጽሁፍ እንቀንሳለን ወይ ፊደሉን ቀድመን እናወፍራለን። በፓወር ግዕዝ ጽፈው ፋይሉን የሚያመጡ ደግሞ እኔ ጋ ሲከፈት ዝብርቅርቅ የፈረንጅ ፊደል ይሆንባቸዋል፣ ኮረል በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ጽሁፉን ወደ ከርቭ (የስዕል መስመር) ቀይራችሁ አምጡ።

«የማህተሙን ፎቶ በቴሌግራም ልላክልህ» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፣ ደብዳቤና ንግድ ፈቃድ ይዘህ ና። የሰው ማህተም አስመስሎ መስራት ወንጀል ነው፣ ፎቶው ቢጠራም ባይጠራም።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ማሽኑ ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል» የሚሉ አሉ፣ ይሄን የሰሙ ማሽን ገዢዎችም ገጥመውኛል። የሲኦቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሌዘር ቱቦ መስታወት ነው፣ ውሃ ካልዞረበት ጉም ውስጥ ቁጭ ብሎም ቢሆን ይሰነጠቃል። ታች ኮምቦልቻ የሚሰራ ጓደኛዬ ደግሞ ቀትር ላይ ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው የባልዲ ውሃ እየሞቀ ስለሚያስቸግረው በረዶ የሆነ ሃይላንድ ይከትበታል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ዝም ብላችሁ ስታርት አትበሉት፣ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ ስቶ ፊደሉን ፊደል ላይ ይደርበዋል። የውሃው ፓምፕ መነሳቱንም እዩ።

ያ የምታዩት ቀይ ነጥብ ጨረሩ አይደለም፣ ቦታ ማሳያ ነው። ዋናው ጨረር በአይን አይታይም፣ ስለዚህ ክዳኑን «ልይ እስቲ» ብላችሁ አትክፈቱብኝ።

ማህተሙ ሲቆሽሽ ቤንዚን የሚጠቀሙም አሉ። ቤንዚን ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ፊደሉ ይጣመማል፣ ከዛ «በወሩ ተበላሸ» ተብሎ እኔ ጋ ይመጣል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፣ ብሩሹን ግን ወደ መታጠቢያ ቤት አትመልሱት።