የትምህርት ቤት አማካሪ «ምስጢር እጠብቃለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ተማሪ ለትምህርት ቤት አማካሪ የነገረው ነገር ምስጢር ነው ይባላል። ታዲያ አማካሪው አንዳንድ ጊዜ ወላጅ የሚጠራው ለምንድን ነው? ቃሉን ስላጠፈ አይደለም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ከመጀመሪያውም ገደብ ስላለው ነው። ከጓደኛ ጋር መኳረፍ፣ የፈተና ጭንቀት፣ የመጀመሪያ ፍቅር እዚያው አማካሪው ቢሮ ውስጥ ይቀራሉ። ልጁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ሲያሰጋ፣ ወይም ጥቃት እየደረሰበት ከሆነ ግን ዝም ማለት አይፈቀድም። ያኔም ቢሆን የሚነገረው ልጁን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው፤ ለሚመለከተው ሰው እንጂ ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬ አይደለም። ጥቃት አድራሹ የቤት ሰው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠራው ወላጅ ላይሆን ይችላል። ጥሩ አማካሪ ይህን ገደብ በመጀመሪያው ቀን፣ ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ይነግረዋል። ይህን መዝለል፣ በእኔ እምነት፣ ልጁን ማታለል ነው።