የቀጥታ የትራፊክ መረጃ ምንድን ነው?

ስልካችሁ ላይ ካርታ ትከፍታላችሁ። አንዱ መንገድ ቀልቷል (ተጨናንቋል ማለት ነው)፣ ሌላው ላይ ጭር ብሏል። ቀዩን ትታችሁ ጭር ባለው ልትሄዱ ነው። እስቲ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ፦ መኪና የሌለበት መንገድ ክፍት ስለሆነ ነው ባዶ የሆነው ወይስ ስለተዘጋ?

ስለ ትራፊክ መረጃ ሲወራ ሁሉም ሰው ስለ ቀዩ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ከባዱ ነገር ባዶው መንገድ ይመስለኛል።

ትርጉሙን እናስቀድም። የቀጥታ የትራፊክ መረጃ ማለት መንገድ ላይ አሁን እየሆነ ያለውን ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ለሾፌሩ የሚያደርስ መረጃ ነው። ቁም ነገሩ «አሁን» የሚለው ቃል ላይ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የተጋጩ መኪኖች ተነስተው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ «ግጭት አለ» የሚል መልእክት ቢመጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መረጃው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይለካል፤ ሌላው ይነገራል። የሚለካው ፍጥነትና የመኪና ብዛት ነው። የሚነገረው ደግሞ ምክንያቱ ነው፦ መንገዱ እየተጠገነ ነው፣ ድልድዩ ተዘግቷል፣ የፍጥነት ወሰኑ ለጊዜው ዝቅ ብሏል፣ ጎርፍ ገብቷል።

ከሚለካው እንጀምር። ድሮ ሥራው የሽቦ ነበር። አስፋልቱ ተሰንጥቆ ጥቅልል ሽቦ ይቀበርና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። መኪና ከላዩ ሲያልፍ ብረቱ የሽቦውን ኤሌክትሪካዊ ጠባይ ይነካካዋል፤ መንገድ ዳር የቆመው ሳጥን ያን ለውጥ አይቶ «አንድ መኪና አለፈ» ብሎ ይቆጥራል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየአገሩ የተቀበረ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ችግሩ የሚያየው የተቀበረበትን ቦታ ብቻ መሆኑ ነው። አስፋልቱ በተቆፈረ ቁጥር ደግሞ ሽቦው ይበጠሳል። ካሜራና ራዳር አስፋልት መቁረጡን አስቀሩ እንጂ የቦታውን ነገር አልፈቱትም።

ነገሩን የቀየረው ስልክ ነው። የካቲት 2008 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ) ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሙከራ ተደረገ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ኖኪያ ጂፒኤስ ያለው ስልክ በ100 መኪኖች ውስጥ አስቀምጠው 16 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን አውራ ጎዳና ላይ ለ8 ሰዓት ሲያመላልሷቸው ዋሉ። የደረሱበት ውጤት ዛሬም ይገርመኛል፦ ከሾፌሮቹ 2 ወይም 3 በመቶው ብቻ ስልካቸው ፍጥነታቸውን ቢልክ የመንገዱን አጠቃላይ ፍጥነት በደንብ ማወቅ ይቻላል። ከ100 ሰው ሦስቱ ለሁሉም ይበቃሉ ማለት ነው። መጨናነቅ የጋራ ነገር ነዋ! ከፊትህ ያለው ከቆመ አንተም መቆምህ አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ጎግል ማፕስና ዌዝ የሚባሉት የካርታ መተግበሪያዎች ይህን ዘዴ ዓለም አቀፍ አደረጉት። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ሽቦ ያልተቀበረበትንም መንገድ ማየት ጀመረ።

ግን ስልክ ፍጥነትን እንጂ ምክንያትን አያውቅም። በ2020 ይፋ ባደረገው ሥራው ሲሞን ቬከርት የሚባል ጀርመናዊ አርቲስት 99 ስልኮች በአንዲት የእጅ ጋሪ ላይ ጭኖ በርሊን ውስጥ ቀስ እያለ ጎተታቸው። መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ካርታው ላይ ግን ቀላ፤ በዝግታ የሚሄዱ 99 መኪኖች ያሉ መስሎት ነው። ሰው ሁሉ ስቆበታል።

ተቃራኒው ግን አያስቅም። ታኅሣሥ 2017 ሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት ተነሳ። ሰው ከሰፈሩ ሸሸ፤ መንገዶቹ ባዶ ሆኑ። የመንገድ መሪ መተግበሪያዎቹ ደግሞ መኪና የሌለበትን መንገድ ስለሚወዱ ሾፌሮችን እሳቱ ወደነበረባቸው ሰፈሮች መምራት ጀመሩ። ፖሊስ ሕዝቡን «መተግበሪያዎቹን አትከተሉ» ብሎ እስከመለመን ደረሰ። በፍጥነት ዓይን ብቻ ሲታይ እሳት ያለበት መንገድና የእሑድ ጠዋት መንገድ አንድ ናቸው።

እንግዲህ «የቀጥታ መረጃ ይስፋፋ» ሲባል ብዙ ሰው ተጨማሪ ካሜራ ይታየዋል። እውነተኛው ጉድለት ግን ሌላ ቦታ ነው። መንገዱ ለምን ባዶ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ። የዘጋው አካል ያውቃል፤ ተቋራጩ ያውቃል፤ ትራፊክ ፖሊሱ ያውቃል። እውቀቱ ግን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይም በስልክ ተነግሮ ቀርቷል፣ ወይም ስካን ተደርጎ ድረ ገጽ ላይ ተለጥፏል። (ስካን የተደረገ ማስታወቂያን «መረጃ ለቀናል» ብሎ መቁጠር ለእኔ ስድብ ነው። መኪና ስካን አያነብም።)

ስለዚህ መስፋፋት ማለት ይህንን እውቀት ኮምፒውተር በሚያነበው አንድ ዓይነት አጻጻፍ ለሁሉም መልቀቅ ነው። አውሮፓ ለዚህ ዳቴክስ ሁለት የሚባል የጋራ አጻጻፍ አላት። አሜሪካ ደግሞ ለመንገድ ሥራ ቦታዎች ብቻ የሚሆን ሌላ አዘጋጅታለች። የአውሮፓ ኅብረት ነገሩን በሕግም ይዞታል። የመጀመሪያው ደንብ በዋናነት አውራ ጎዳናዎችን የሚመለከት ነበር። በ2022 ወጥቶ ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ግን ለተሽከርካሪ ክፍት የሆነውን የሕዝብ መንገድ መረብ በአጠቃላይ ይሸፍናል። እያንዳንዱ አገር መረጃው የሚገኝበት አንድ በር ይከፍታል፤ ካርታ ሠሪው ከመቶ መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናቱ ይቀርለታል።

በሩ መከፈቱ ብቻ ግን አይበቃም። «ድልድዩ አጠገብ መንገድ ተዘግቷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እዩት። ለሰው ግልጽ ነው። ለካርታ ግን ምንም አልተነገረውም። በየትኛው በኩል? ወደ ከተማ የሚገባው ነው የሚወጣው? ከድልድዩ በፊት ነው በኋላ? ይባስ ብሎ የሁለት ካምፓኒ ካርታዎች አንድን መንገድ በተለያየ መለያ ቁጥር ይመዘግቡታል፤ የአንዱ ቁጥር ለሌላው ትርጉም የለውም። በ2009 የካርታ ካምፓኒው ቶምቶም ያወጣውና ለሁሉም ክፍት ያደረገው ኦፕንኤልአር የሚባል የቦታ አጻጻፍ ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። ቁጥሩን ትቶ የመንገዱን ጠባይ ይናገራል፦ መነሻው እዚህ ነው፣ ወደዚህ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ይህን ያህል ሜትር ይረዝማል፣ ደረጃው እንዲህ ነው። ተቀባዩ በራሱ ካርታ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል። ቤት ቁጥር ለሌለው ሰፈር አድራሻ እንደመንገር ነው።

መረጃ መልቀቅ ዳፋም አለው። መተግበሪያዎች አቋራጭ ሲያገኙ ሁሉንም ሾፌር በአንዲት የመኖሪያ ሰፈር ያስገባሉ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊዮኒያ የምትባል ትንሽ ከተማ በ2018 መሮት ነው ወደ 60 የሚሆኑ መንገዶቿን በጥድፊያ ሰዓት ለውጭ ሰው የከለከለችው። ስለዚህ ከሚለቀቀው መረጃ ውስጥ «በዚህ አትለፉ» የሚለውም መካተት አለበት። የግል ነገርም አለ፤ ስልክ ከቤት ተነስቶ ወደ ቤት ነው የሚመለሰው። ስም መሰረዝ ብቻውን አይሸፍነውም። የጉዞው መጀመሪያና መጨረሻ መቆረጥ፣ የብዙ ሰው ጉዞም ተደምሮ መውጣት አለበት።

አንድ የቀረ ችግር አለ፤ ማብቂያው። መንገድ ሲዘጋ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ይገኛል፣ ሲከፈት ግን የሚያስታውስ የለም። ሥራው አልቆ ሠራተኛው ሄዷል፣ ካርታው ግን ሳምንቱን ሙሉ «ተዘግቷል» ይላል። ሾፌሩም ሁለት ሦስቴ ከተሸወደ በኋላ እውነተኛውን ማስጠንቀቂያ እንኳ አያምንም።

ለዚህ የወደድኩትን መፍትሔ ያየሁት አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ዘንድ ነው። መንገድ ሥራ ቦታ ላይ የሚቆመውን ባለ ቀስት የመብራት ሰሌዳ ታውቁታላችሁ፤ «ወደ ግራ ተሻገሩ» የሚለውን። እሱ ላይ ጂፒኤስና የስልክ ሲም ገጠሙበት። ሠራተኛው መብራቱን ሲያበራው ሰሌዳው ያለበትን ቦታ ራሱ ይልካል። ሲያጠፋው ካርታው ላይም ይጠፋል። ቅጽ የሚሞላ ሰው የለም።