የፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው በ4 ኪሎ ግቢ፣ በተፈጥሮና ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ኮሌጅ ሥር ባለው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ነው። ስለ ክፍሉ በአማርኛ በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ጽሑፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ወደዚያ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ የሚይዘው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከቀደሙት አፍ የሰማውን ነው። ያም በተናጋሪው ዘመን ልክ የተሰፋ ነው። በ1980ዎቹ የተመረቀ ሰው ዲግሪው አራት ዓመት እንደሚፈጅ ይናገራል፤ በ2003 የተመረቀው ሦስት ነው ይላል፤ ዛሬ የገባው ደግሞ እንደገና አራት ይቆጥራል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው እነዚህን ዘመናት አንድ ላይ አስቀምጦ አሁን ያለውን መንገድ ለማሳየት ነው።

መነሻው

የክፍሉ ታሪክ ከዩኒቨርሲቲው ታሪክ አይለይም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሥራ ሲጀምር ማረፊያው 4 ኪሎ ነበር፤ የመሩትም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው ኮሌጆቹ በአንድነት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ዋናው ግቢ ወደ 6 ኪሎ ሄደ። ሳይንስ ግን ከ4 ኪሎ አልተነሣም። እስካሁንም እዚያው ነው፤ በከተማው ሰው አፍ «4 ኪሎ ነው የተማርኩት» ማለት ሳይንስ ተማርኩ ማለት ነው።

ፊዚክስን በዚህ ግቢ ሥር ያስያዘው ከምንም በላይ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 የብዙ አገር ሳይንቲስቶች የመሬትን ጠባይ በአንድ ጊዜ ለመለካት «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው ሲነሡ አዲስ አበባ በጣም የምትፈለግ ከተማ ሆነች። ምክንያቱ የመሬት ማግኔታዊ ወገብ በአቅራቢያዋ ማለፉ ነው። ወደ አውሮፓ ቢሄዱ በነፃ የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ጫፉን ወደ መሬት ያዘቀዝቃል፤ እዚህ ግን ከአግድም ብዙም ሳይርቅ ተጋድሞ ይቆማል። ከዚያም በላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይሉታል። ይህን ጅረት ሥሩ ሆኖ በማግኔት መለኪያ ለመከታተል የሚመቹ ቦታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ የእኛው 4 ኪሎ ነው።

ጣቢያውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዌን ናቸው። የማግኔት መለኪያው ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጨመሩ፤ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ስለደረሱ መንቀጥቀጦች ከጥንት ጽሑፎች ጀምሮ የተገኘውን ሁሉ ለዓመታት ለቅመው እ.ኤ.አ. በ1979 በትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ታሪክ ዛሬ በዝርዝር የሚታወቀው በዚህ ሥራ ነው። ጣቢያው በኋላ አድጎ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ሕዝቡ «ምንድን ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞረው ወደዚሁ ግቢ ነበር። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፦ በመጽሐፍ የሚያነበው ሞገድ በሚማርበት ግቢ ውስጥ ቀንና ሌሊት ይመዘገባል።

በንጉሡ ዘመን የነበረው ዲግሪ አራት የትምህርት ዓመታት ነበሩት፤ በማትሪክ የገባ ተማሪ መጀመሪያ ፍሬሽማን ይማራል፣ ከዚያ ክፍል ይመርጣል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ መጣ። አብዛኛው የሄደው ለማስተማር ነው፤ በብዙ የገጠር ከተማ ፊዚክስን መጀመሪያ ያስተማረው የዚህ አገልግሎት ዘማች ሳይሆን አይቀርም።

ከአብዮቱ በኋላ

በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲወጡ ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ዓመት ያህል መደበኛ ትምህርት አቆመ። ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ግቢውን ክፉኛ ጎድቶታል። ከክፍሉ ሰዎች መካከል የዚያን ጊዜ መከራ ቀምሰው የተረፉት ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ናቸው። ለዓመታት ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ከእስር ከወጡ በኋላ ወደ ፊዚክስ ተመልሰው በሕንድ ባንጋሎር የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሠሩ፤ በስታቲስቲካል ፊዚክስም ብዙ ተማሪ አፈሩ። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት ለሚቆሙ ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሪቻርድ ዊልሰን ጋር ተጋርተዋል። ክፍሉ በዚህ ሰው ቢኮራ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ዩኒቨርሲቲው መምህራኑን በራሱ ቤት ማፍራት ጀመረ። ለዚህም በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራምና በጣሊያን ትሪየስት የሚገኘው የአብዱስ ሰላም ዓለም አቀፍ የቲዮሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ሰጥተዋል። 1980ዎቹ የአራት ዓመቱ ሥርዓት ሳይለወጥ አለፉ።

ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት

11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ሲሆኑ የፍሬሽማን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጣ። በ1996 ዓ.ም. ከመሰናዶ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሲገቡ የፊዚክስ ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ። ይህ የጥራት ማሽቆልቆል አመጣ የሚሉ መምህራን አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ፍሬሽማን ወደ መሰናዶ ወረደ እንጂ አልጠፋም ብለው ይከራከራሉ። በወረቀት ላይ የሁለተኛዎቹ ክርክር ያስኬዳል። ሆኖም ላቦራቶሪ በሌለው የመሰናዶ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ቨርኒየር ካሊፐር (ትንንሽ ርዝመት በጥራት መለኪያ) ሲሰጠው የዓይኑን ሁኔታ ያየ ሰው አንድ ዓመት እንደጎደለ አይጠራጠርም።

በ2001 ዓ.ም. ከመቶ 70ው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ መንግሥት ሲወስን የፊዚክስ ክፍሎች በየዩኒቨርሲቲው በዙ፤ ቀጥሎም አገር አቀፍ ወጥ ሥርዓተ ትምህርትና ተዛማጅ ኮርሶችን በአንድ የሚያሰባስበው የሞጁል አሠራር መጡ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ዲግሪውም አራት ዓመት ሆነ።

አገባብ

ተማሪው በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ይህ ቀላል የሚመስለው በሩቅ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ግማሹን ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው፤ አመልካቹ ይህንንም ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ አንድ ዓይነት ነው። ጀነራል ፊዚክስ፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ የተዘጋጀ ማትማቲክስና አፕላይድ ማትማቲክስ ከሎጂክ፣ ከሳይኮሎጂ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ ከአንትሮፖሎጂና ከመሳሰሉት ጋር ይሰጣል። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪው ዲፓርትመንት ይሞላል፤ የሚመደበውም በምርጫውና በጂፒኤው ነው። ፊዚክስን አንደኛ ምርጫው የሚያደርግ ብዙ አይደለም፤ «ደረሰኝ» ብሎ የሚመጣ ይበዛል። ደርሶት መጥቶ በሁለተኛው ዓመት ልቡ የተያዘ ተማሪ ግን በየባቹ አይጠፋም።

ኮርሶቹ

ሁለተኛው ዓመት መሠረት የሚጣልበት ነው፦ ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሪሲቲና ማግኔቲዝም፣ ሞገድና ኦፕቲክስ፣ ሞደርን ፊዚክስ። ከሒሳብ በኩል ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን አብረው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ለአዲስ ተማሪ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ በሁለተኛው ዓመት ፊዚክሱ ከበደኝ የሚል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የከበደው ሒሳቡ ነው። ካልኩለሱን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው ማትማቲካል ሜተድስ ላይ ሲደርስ አይደናገጥም፤ ያም ኮርስ የኳንተም ሜካኒክስ በር ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት የክላሲካል ሜካኒክስ፣ የኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ የኳንተም ሜካኒክስና የስታቲስቲካል ፊዚክስ ነው። እነዚህ አራቱ የዲግሪው ምሰሶዎች ናቸው፤ ዲግሪው ሦስት ዓመት በነበረ ጊዜም አልተነኩም። ኤሌክትሮኒክስ፣ ኑክሌር ፊዚክስ፣ ሶሊድ ስቴትና ኮምፒውቴሽናል ፊዚክስ ይከተላሉ። የምርጫ ኮርሶች በየጊዜው ባለው መምህር ይወሰናሉ፤ አስትሮኖሚ፣ ስፔስ ፊዚክስ፣ ሌዘር፣ ሜዲካል ፊዚክስና የከባቢ አየር ፊዚክስ ከሚታወቁት ናቸው። ምርጫው ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ማስተርስ ሊማር የሚያስብ ተማሪ ወደየትኛው ዘርፍ እንደሚያዘነብል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ በአማካሪ መምህር ሥር የሚሠራ የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ።

ላቦራቶሪው

የሙከራ ኮርሶች ክሬዲታቸው ትንሽ ነው፤ የሚወስዱት ጊዜ ግን ሙሉ ከሰዓት ነው፣ ሪፖርቱ ሲጨመር ደግሞ ሌሊት። አንዱን ብቻ በቅርብ ልግለጽ። ተማሪው 1 ሜትር በሚሆን ክር ላይ የብረት ኳስ ያንጠለጥላል፣ ትንሽ ገፍቶ ይለቃል፣ ውዝዋዜውን እየቆጠረ ሰዓት ይይዛል። ከዚያ የስበትን ፍጥንጥነት (አክስለሬሽን) ያሰላል። ከመጽሐፉ የሚጠብቀው 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። የሚወጣለት ግን፣ በጥንቃቄ ከሠራ፣ 9.77 ገደማ ነው። ብዙ ተማሪ ተሳሳትኩ ብሎ ቁጥሩን «ለማስተካከል» ይፈተናል። አልተሳሳተም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምድር ወገብ አቅራቢያ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ስበቱ በእርግጥ ያንሳል።

ይህን ለማየት ግን 10 ውዝዋዜ አይበቃም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በ10 ውዝዋዜ 0.04 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ጣት ሰዓቱን ተጭኖ እስኪለቅ ከዚያ በላይ ይሳሳታል። በ100 ውዝዋዜ ልዩነቱ 0.4 ሰከንድ ያህል ይሆናል፤ ያኔ ይታያል። የስህተት ትንተና ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መሣሪያ የለም፤ ዋጋውም የአንድ ክርና የአንድ ኳስ ነው። በሙቀት ሙከራም እንዲሁ ነው፤ ውኃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል፤ ቴርሞሜትሩን አትክሰሱት።

ለመመረቅ

ድምር ጂፒኤ ከ2.00 ማነስ የለበትም፤ የዋናው ትምህርት ጂፒኤም እንዲሁ። 3.25 ያለፈ በማዕረግ፣ 3.50 ያለፈ በታላቅ ማዕረግ፣ 3.75 ያለፈ በእጅግ ታላቅ ማዕረግ ይመረቃል። በፊዚክስ ሦስተኛውን ማግኘት በግቢው ሁሉ የሚያስከብር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የአገር አቀፍ መውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የሚያተኩረውም በዋና ዋናዎቹ ኮርሶች ላይ ነው። ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ መውጫ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪው አይሰጠውም፤ ደግሞ መቀመጥ ግን ይችላል። በመንግሥት ወጪ የተማረ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ድርሻውን ከደመወዙ ይከፍላል።

ከዲግሪው በኋላ

ትልቁ ቀጣሪ ዛሬም ትምህርት ቤት ነው። ቀድሞ ፊዚክስ ማስተማር የፈለገ ሰው በትምህርት ፋኩልቲ በኩል የመምህርነት ዲግሪ ይይዝ ነበር፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሳይንስ ዲግሪውን ከጨረሰ በኋላ ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ዲፕሎማ ይጨምራል። ሌሎች ወደ ሜትሮሎጂ፣ ወደ ጨረራ ቁጥጥርና ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር ለሕመምተኛው የሚሰጠውን የጨረር መጠን የሚያሰላ ፊዚሲስት የግድ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ሜዲካል ፊዚክስን የሚጠይቅ ተማሪ ጨምሯል። ለማስተርስ የሚቀር ተማሪ ኮንደንስድ ማተርን፣ ኳንተም ኦፕቲክስን፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስን፣ ኑክሌርንና ሌሎችንም እዚያው 4 ኪሎ ያገኛል።