ምላጭን የሚበላው የተረሳው ጠብታ ነው

ስለቱ የማይቀየርለት፣ እጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባው የድሮ ምላጭ በደንብ ከተያዘ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ዕቃ ነው። ካልተያዘ ግን አንድ የደሴ ክረምት ይበቃዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲለብስ የታጠበ ካልሲ እንኳ ውሎ አድሮም አይደርቅም። ስለ ምላጭ እጥበትና ማድረቅ ደግሞ ከፒያሳ እስከ ሙጋድ ያለ ሰው ሁሉ የራሱ መላ አለው። አንዳንዱ መላ ያስኬዳል። አንዳንዱ ምላጩን ይፈጀዋል።

«ምላጭን ውሃ አታስነኩት፣ ይዝጋል»

ውሃ ሳይነካው ምን ዓይነት መላጨት ነው? ዝገት የሚመጣው ብረት፣ ውሃና አየር አንድ ላይ ሲቆዩ ነው። እየተላጩ በየመሃሉ ማለቅለቅ ምላጩን ምንም አያደርገውም። የሚጎዳው አረፋና የተቆረጠ ፀጉር እንደተለጠፈበት መተው ነው። ሳሙናው ከላብና ከቆዳ ቅባት ጋር ተቀላቅሎ ይጋገርበትና እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ላብ ጨው እንዳለው አትርሱ፤ ጨው ዝገትን ያፋጥናል።

ስታለቀልቁ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከቧንቧው አፍ ነው። የተሳለ ስለት ጫፉ ላይ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የሳሳ ነው። ብረት ከብረት ጋር «ቀጭ» ካለ ተሸረፈ በሉት። በጣሳ ውሃ የሚላጭም ከጣሳው ጠርዝ ይጠንቀቅ። እኔ ብጠየቅ በየመሃሉ አረፋውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግን እመርጣለሁ። እጀታው ውስጥ ውሃ አይገባም፤ ውሃ በጠፋ ቀንም ይጠቅማል።

«የፈላ ውሃ ብረቱን ያለሰልሰዋል»

አያለሰልሰውም። የምላጭ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በእሳት ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ እንደገና በመጠኑ ሲሞቅ ነው። ይህ የመጨረሻው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ዲግሪ በላይ ነው። ከዚያ በታች ያለ ሙቀት አያሳስበውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል 94 ገደማ። ሁለቱም ለብረቱ ምንም አይደሉም።

የፈላ ውሃ ጉዳቱ ለእጀታው ነው። ቀንድና እንጨት ይጣመማሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ሙቅ ውሃ ይበቃል፤ የሞቀ ብረት ላይ የቀረው ውሃም ቶሎ ይተናል።

«አልኮል አፍስሶ በእሳት መለብለብ ጀርሙን ድራሹን ያጠፋዋል»

አንዳንድ ፀጉር ቤት ይህን ታዩታላችሁ። እሳቱ ቦግ ሲል ደንበኛው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ቦግ ብሎ የሚጠፋ እሳት ሁሉንም ቦታ እኩል አያገኝም፤ ስለዚህ ጀርሙን ለማጥፋት አይታመንም። ብረቱን ግን ሊጎዳ ይችላል። ስለቱ ስስ ስለሆነ ቀድሞ የሚግለው እሱ ነው። ጫፉ ላይ ቡናማ ነገር ካያችሁ ብረቱ ከ200 ዲግሪ አልፎ ነበር ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ወደ 300 ተጠግቶ ነበር። ያ ቦታ ለስልሷል፤ በቆዳ ብትስሉት አይመለስም፣ በድንጋይ ተፈቅፍቆ መውጣት አለበት።

አልኮል ከሆነ ያለ እሳት ጥረጉት። ደግሞ 70 በመቶው ከንጹሁ ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ውሃ አልኮሉ ጀርሙ ውስጥ እንዲገባ ይረዳዋል። ግን 30 በመቶው ውሃ ስለሆነ ከዚያም በኋላ ማድረቅ አይቀርም። በረኪናን አታስጠጉት። ብረቱን በልቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል።

«ታጥቦ ከደረቀ ለሌላ ሰውም ይሆናል» የሚባለው ደግሞ አደገኛ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ደሙ በዓይን ላይታይ ይችላል። የቤት ምላጭ የአንድ ሰው ነው፣ የወንድምም ቢሆን። ፀጉር ቤት ደግሞ አዲሱ ምላጭ ፊታችሁ ከወረቀቱ ሲወጣ እዩ። ካላያችሁ ጠይቁ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

«በፎጣ ጠረግ ጠረግ ካደረጉት አለቀ»

ብዙ ምላጭ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ፎጣውን ስለቱ ላይ ጠቅልሎ መሳብ ፎጣውን ይቆርጣል፣ ስለቱንም ያበላሻል። አውራ ጣትን በስለቱ ላይ ማንሸራተትማ ባይነሳ ይሻላል።

እንዲህ አድርጉ። ደረቅ ጨርቅ መዳፋችሁ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ምላጩን ከፍታችሁ አስተኙት። ሲሄድ ጀርባው ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል። ከዚያ ገልብጣችሁ በሌላው ጎን፣ አሁንም ጀርባው ቀድሞ። እጃችሁን አትጫኑት፤ ጨርቁ ውሃውን ይምጠጥ እንጂ ስለቱን አይፈትገው።

ላዩ ደረቀ። አሁን ወደ ማጠፊያው እንሂድ። ምላጩና እጀታው የተያያዙባት ትንሽ ፒን አለች። ውሃ በሁለቱ የእጀታ ጎኖች መካከል ይገባና እዚያ ይቀራል። ከላይ ስታዩት ምላጩ ያብለጨልጫል፣ ከሥር ግን ዝገቱ ሥራ ጀምሯል። ሶፍት እጠፉና ጫፉን በእጀታው መሃል እስከ ፒኑ ድረስ አስገቡት። እርጥብ ሆኖ ከወጣ ሌላ ድገሙ። ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ነው። ከዚያ ወዲያው አትጠፉት። ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከፈት አድርጋችሁ አሳድሩት።

«ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ራሱ ይደርቃል» የሚሉም አሉ። ይደርቃል፣ ግን ውሃው ሲተን የያዘው ማዕድን ይቀራል። ጠብታው የነበረበት ቦታ ላይ የምታዩት ነጭ ምልክት እሱ ነው። ፒኑ ሥር ደግሞ የኮምቦልቻ ፀሐይም አትገባም።

«ስቴንለስ ከሆነ አይዝግም»

ቶሎ አይዝግም ቢባል ነው የሚሻለው። ስቴንለስ የሚባለው ቢያንስ ከ10 በመቶ በላይ ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው፤ ክሮሚየሙ ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ይሠራል። ጨውና በረኪና ግን ያን መከላከያ ይሰብሩታል።

«ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ነው»

ሐሳቡ ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ነው ብዙ ጊዜ የሚሳተው። እርጥብ ምላጭ ላይ ዘይት ብትቀቡ ውሃውን ከሥር አፍናችሁ አስቀመጣችሁት። መጀመሪያ ይድረቅ። ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ወይም ስስ ቫዝሊን ይበቃል። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ውሎ አድሮ ይበላሻል፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ስትላጩ ጠርጋችሁ አንሱት።

ምላጩን መሳያ ቆዳው ላይ መሳልም ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ ምላጭ ቆዳውንም ያበላሻል። የቆዳ ማኅደር የሚወዱ ሰዎች ቅር ይላቸው ይሆናል እንጂ ክረምት ላይ ምላጩን እዚያ ውስጥ አታሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይጠጣል። ሻወር ቤት ያለው መስታወት ሥርም አይሆንም። መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፣ በሳምንት አንዴም ፒኑን እዩለት።